የደንገል በር ካርታ

ጀማነሽ ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ቂርቆስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ ባለ ጠባብ ግቢ ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጅ አልወለደችም። እንደ ልጅ የምታሳድገው አንድ ነገር ቢኖር ስለ ደንገል በር የምትጽፈው መጽሐፍ ነበር።

ደንገል በር ወሎ ውስጥ፣ ከአንዲት ትንሽ ሐይቅ ምዕራብ ዳር የተቀመጠች መንደር ናት። ከመቶ ሃያ አባወራ አትበልጥም። ዳርዳሯን ደንገል የበቀለበት ረግረግ ከቧታል፤ ማዶ ቀጥ ያለ ገደል ይታያል፤ መሐሉ ላይ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ እንደ በሬ የሚያጓራ ውሃ አለ። ጀማነሽ እዚያው ተወልዳ አደገች፤ ቤተ ሰቦቿ ግን የዳገቱ ገበሬዎች ስለነበሩ ውሃው ላይ ወጥታ አታውቅም። ያም ሆኖ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የመንደሯን ታሪክና መልክዓ ምድር ስትጽፍ ኖራለች። የዝናቡን መጠን፣ የቦታውን ከፍታ፣ መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ የተሠሩበትን ዘመን፣ ሐይቁ ሞልቶ የታችኛውን ሰፈር የዋጠበትን ክረምት፣ ሁሉንም በሦስት ወፍራም ደብተሮች አስፍራለች።

አዲስ አበባ ያሉ የደንገል በር ተወላጆች ማኅበር አላቸው። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ወሎ ሰፈር፣ አንድ ፎቅ ላይ ይሰበሰባሉ። ሊቀ መንበሩ ታዲዎስ የሚባል ጎልማሳ መሐንዲስ ነው። አንድ እሑድ "የአገራችንን መጽሐፍ እናሳትም" የሚል ሐሳብ ሲነሣ ቤቱ ሁሉ ዞር ብሎ ያየው ጀማነሽን ነበር። የዚያን ቀን ታክሲ መያዝ እንኳ ረስታ በእግሯ ቂርቆስ ገባች።

ደስታዋ ግን ከአንድ ወር አላለፈም። በሚቀጥለው ስብሰባ ታዲዎስ ፋጤን ይዟት መጣ።

ፋጤ ካዛንቺስ በርበሬና ሽሮ የምትሸጥ፣ ከጀማነሽ ጋር በአንድ ዓመት የተወለደች ሴት ናት። አባቷ ደንገል አስረው ታንኳ የሚሠሩ፣ ራሳቸውም የሚቀዝፉ ሰው ነበሩ። ሁለቱ ልጆች ትምህርት ቤት የገቡት በአንድ ቀን ነው። ፋጤን ከሦስተኛ ክፍል አባቷ አስወጥተው ታንኳ ላይ አስቀመጧት። እስከዚያ ድረስ ግን ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣው ፋጤ፣ ሁለተኛዋ ጀማነሽ ነበረች። ጀማነሽ አንደኛ መውጣት የጀመረችው ፋጤ ከቀረች በኋላ ነው። ይህን ማንም አያስታውሰውም፤ ጀማነሽ ግን ስድሳ ዓመት ሊሞላው ነው፣ አንድም ቀን አልረሳችው።

"እትዬ ፋጤ፣ እስቲ ስለ ሐይቁ ያጫውቱን" አለ ታዲዎስ።

ፋጤ ሻሿን አስተካክላ ሳቅ አለች። "ምን ላጫውታችሁ ልጆቼ! እናንተ ሐይቁ አንድ ውሃ ይመስላችኋል። ወላሂ ዘጠኝ ነው። ዘጠኙም ስም አላቸው።"

አንድ በአንድ ጠራቻቸው። ሙሽራ የጫነ ታንኳ ሲያልፍ ውሃው ረግቶ የሚያሳልፍበት ቦታ የሙሽሮች መሻገሪያ ይባላል። ታንኳ ገብቶበት የማይወጣው ደግሞ ጥቁር ጉሮሮ ነው። ድርቅ ሲመጣ እስላሙ ለዱዓ፣ ክርስቲያኑ ለምህላ አብረው ስለሚወጡበት ድንጋይ ነገረቻቸው። ሐይቁ ሰፈር በዋጠበት ክረምት አንዲት ሴት ሊጥ የሞላ ቡሃቃዋን በራሷ ተሸክማ፣ ውሃው አንገቷ ደርሶ፣ ጎረቤቷን እየተሳደበች እንዴት እንደ ወጣች ስትተርክ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። የሴትየዋ ልጅ ግን እንዳልወጣ ነገረቻቸው። በዕድሜ የማኅበሩ አንጋፋ የሆኑት አባባ ገብረሃና እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

ጀማነሽ የዚያን ክረምት ዝናብ በሚሊ ሜትር ታውቀዋለች። ስለ ሴትየዋ ግን ሰምታ አታውቅም ነበር።

"በቃ፣ መጽሐፉ ይሄ ነው!" አለ ታዲዎስ። "ቲቸር፣ የእርስዎ ጥናት እንዳለ ሆኖ፣ ማለቴ፣ እትዬ ፋጤ የሚሉትን ይጻፉልን።"

"ይጻፉልን" የምትለው ቃል እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ተሰነቀረች። አሥራ አንድ ዓመት የደከመችበት ሥራ በአንድ ቀን የፋጤ ሆነ፤ እሷ ደግሞ የፋጤ ጸሐፊ።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ካዛንቺስ ትመላለስ ጀመር። ፋጤ በቆርቆሮ ሱቋ ውስጥ ከበርበሬው ጆንያ አጠገብ ተቀምጣ ታወራለች፤ ጀማነሽ ትጽፋለች። በመንገዱ የሚያልፍ ሁሉ ፋጤን ሰላም ሳይል አያልፍም። ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የልጅ ልጇ ሃያት ከአጠገቧ አትለይም። ፋጤ ሳታስብ የወረወረችውን አንድ ዓረፍተ ነገር ጀማነሽ ቤቷ ገብታ ሦስት ጊዜ ሰርዛ ሦስት ጊዜ ትጽፈዋለች፤ እንደዚያ አያምርላትም። አንድ ቀን ከቅዳሴ ስትወጣ አንዲት የሰፈሯ ሴት አቁማት፣ "ያቺ ወግ አዋቂዋ ሴትዮ ናት አሉ መጽሐፉን የምታሠራሽ?" ስትላት፣ ጥላት ሄደች።

የዚያን ቀን ቤቷ ገብታ "ፋጤ እንደ ነገረችኝ" ብላ የጻፈችውን ሰረዘች። በምትኩ "አረጋውያን እንደሚሉት" አለች። መጀመሪያ አንድ ቦታ ብቻ ነበር። ሳምንቱ ሳያልቅ አርባ ሦስት ቦታ ሆነ።

ካርታው ብቻ ሲቀር ፋጤ እንዲህ አለቻት፦ "ወደ ፀሐይ ስትቀዝፊ በግራሽ የሙሽሮች መሻገሪያ፣ በቀኝሽ ጥቁር ጉሮሮ ነው።"

ጀማነሽ "የጧቷን ፀሐይ ነው የማታዋን?" ብላ ልትጠይቅ አፏን ከፍታ ነበር። በመሐሉ ሃያት፣ "ቲቸር፣ ግልጽ ነው አይደል?" አለቻት። ልጅቷ በቅንነት ነው የጠየቀችው። ጀማነሽ ግን እንደ ንቀት ወሰደችው።

"ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ እኮ፣ የኔ ልጅ" ብላ ደብተሯን ከደነች።

"ከመታተሙ በፊት ካርታውን አሳዪኝ እሺ?" አለች ፋጤ።

"አሳይሻለሁ።"

አላሳየቻትም።

መጽሐፉ ሦስት መቶ ቅጂ ታትሞ በጥር ወር ተመረቀ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ጀማነሽ አዲስ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ ከፊት ተቀምጣለች። ፋጤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናት፤ ሃያት ከጎኗ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ታገላብጣለች። ገልጣ ጨርሳ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ከዚያም ቀና ብላ ጀማነሽን አየቻት።

አባባ ገብረሃና መነጽራቸውን አድርገው ካርታውን ሲመረምሩ ቆይተው በከዘራቸው ወለሉን መቱት።

"ይቺን ማነው የሣላት? የሙሽሮች መሻገሪያ እኮ በመስጊዱ በኩል ነው! እዚህ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ተደርጓል። ይህን አምኖ ታንኳ የሚገፋ ልጅ ጥቁር ጉሮሮ ይገባል፤ ሬሳውም አይገኝ!"

ታዲዎስ ደነገጠ። የማኅበሩን ወጣቶች ለፋሲካ ደንገል በር ሊወስዳቸው፣ መጽሐፉን እየተከተሉ ሐይቁን ሊያዞራቸው አቅዶ ነበር። "ቲቸር፣ ይሄ እንዴት ሆነ?"

ጀማነሽ ተነሣች። ሰው ሁሉ ያያታል። ያን ጊዜ ያላሰበችው ነገር ከአፏ ወጣ።

"እኔ የነገረችኝን ነው የጻፍኩት። ፋጤ ናት እንዲህ ነው ያለችኝ።"

ከአርባ ሦስት ቦታ የፋቀችውን ስም እዚያች ላይ ጠራችው። አዳራሹ በሙሉ ወደ ሦስተኛው ረድፍ ዞረ።

"አዎ፣ እኔ ነኝ" አለች ፋጤ። "እርጅና ነው ልጆቼ፤ ተምታታብኝ።"

"አያቴ!" ብላ ሃያት ልትነሣ ስትል ክንዷን ያዘቻት። ከኋላ አንድ ሰው ቀስ ብሎ፣ "ድሮስ ያልተማረ ሰው ታምኖ ይጻፋል?" አለ። ጀማነሽ ሰማችው። ስድሳ ዓመት ስትመኘው የኖረችው ቃል ይህ ነበር፤ ሲመጣ ግን እሬት እሬት አላት። የቀረበላትን ኬክ ሳትቀምስ ወጣች።

ሐሙስ ዕለት ካዛንቺስ ሄደች። ሰፈሩ ለልማት እየተነሣ ስለነበር ግማሹ ቤት ፈርሷል። ፋጤም ወደ ከተማው ዳር፣ ኮንዶሚኒየም ተሰጥቷት ዕቃዋን እየጠቀለለች ነበር። ተቀመጪ አላለቻትም።

"ለምን እኔ አይደለሁም አላልሽም?" አለች ጀማነሽ።

"ማን ያምነኛል? አንቺ ቲቸር፣ እኔ በርበሬ ሻጭ። ደግሞ ሁለት አሮጊት ሰው ፊት ብንነታረክ መጽሐፉ መሳቂያ ይሆናል። አባቴ እዚያ ውስጥ አሉ።"

"ስምሽን ከመጽሐፉ ሰረዝኩት።"

"አውቃለሁ። ሃያት አንብባልኛለች።" ፋጤ የያዘችውን ገመድ ጠበቅ አድርጋ ቋጠረች። "ግድ የለኝም ብልሽ ውሸት ነው። አሞኛል።"

"ቀንቼብሽ ነው፣ ፋጤ። ከልጅነታችን ጀምሮ።"

ፋጤ እጇ ላይ ያለውን ሥራ አቆመች። "በኔ? ጧት ጧት ታንኳው ላይ ሆኜ ደብተርሽን ታቅፈሽ ዳገቱን ስትወጪ አይሽ ነበር። ምን ይሰማኝ እንደነበር አንድ ቀን እንኳ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?"

"ይቅርታ አድርጊልኝ" አለች ጀማነሽ።

"ይቅርታሽን እዚህ በጆሮዬ አትንገሪኝ" አለች ፋጤ። "የዋሸሽው ሰው ፊት ነው። እዚያው ሂጂና ተናገሪ።"

የካቲት መጀመሪያ እሑድ ጀማነሽ ማኅበሩ ፊት ቆማ ሁሉንም ተናገረች፤ የፋጤን ስም እንዴት እንደ ሰረዘች፣ የትኛዋ ፀሐይ እንደሆነች ሳትጠይቅ ካርታውን በማታዋ ፀሐይ ገምታ እንዴት እንደ ሣለችና እንደ ደበቀች፣ ሐሰቱንም ለምን እንደ ተናገረች። አንዳንዶች አንገታቸውን ደፉ፤ አንዲት ሴት "ወይ ነውር!" ብላ ወጣች። ታዲዎስ ቅጂዎቹን ሰብስቦ ጉዞውን ወደ ክረምት መጨረሻ አዛወረው። መጽሐፉ በሁለቱም ስም እንደገና እንዲሠራ ተወሰነ፤ እያንዳንዱን ገጽ ፋጤ ሰምታ ካላጸደቀችው እንደማይታተምም ተነገራት። ጀማነሽ እሺ አለች።

አሁን በየአሥራ አምስት ቀኑ ከለገሃር አውቶቡስ ይዛ ፋጤ አዲሱ ቤት ትሄዳለች። ፋጤ መጀመሪያ ሰሞን ከሥራው ውጭ አታናግራትም ነበር። በአራተኛው ጉዞ ምሳ አቀረበችላት። እየበሉ ሳሉ በር ተንኳኳ፤ አንዷ ጎረቤት ልታማክራት፣ ሌላዋ ልትሰናበታት፣ ሦስተኛዋ እንዲያው ልታያት መጡ። ፋጤ ከገባች ገና ሦስት ወር አልሞላትም። ጀማነሽ ቂርቆስ አርባ ዓመት ኖራ በሯን የሚያንኳኳ ሰው በጣት ይቆጠራል። ያ የምታውቀው ቅናት ተመለሰባት።

"ፋጤ" አለች ሴቶቹ ሲወጡ፣ "አሁንም ቀናሁብሽ።"

ፋጤ ጉርሻዋን ውጣ አየቻት። "ቅኚ" አለች። "ካርታውን ግን በትክክል ሥሪ።"