ቀይ ምልክት የተደረገባቸው ከተሞች

ባሌ ኦርቪል አርባ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድቶ አንድ ልጅ ሳይቧጨርበት ጡረታ ወጣ። ይህንን የሚመሰክር የናስ ሰሌዳ ሳሎናችን ውስጥ ተሰቅሏል፤ እንግዳ ሲመጣ ሰሌዳውን ሳያነብ ወንበር አይሰጠውም። ጡረታ በወጣ በሳምንቱ አልጋና ምድጃ ያለው ተሳቢ ቤት ገዛና፣ ከፒክአፕ መኪናችን ኋላ ቀጥለነው የኢንዲያና ግዛትን ጥንታዊ ትንንሽ ከተሞች አንድ በአንድ እናያለን አለኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አየን። እኔ የምፈልጋትን አንዲቷን ግን አላየሁም።

ኮብስ ፌሪ ትባላለች። ወንዝ ዳር ያለች፣ አንድ መንገድ ብቻ ያላት መንደር ናት። እናቴ ያገባችው እዚያ ባለችው የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው፤ ልትሞት ስትል እጄን ይዛ "አንድ ቀን ሄደሽ እይልኝ" ብላኛለች። ኦርቪልን በለመንኩት ቁጥር መልሱ "ለሚቀጥለው ጊዜ፣ ሎይስ" ነው። ካርታው ላይ በቀይ እስክርቢቶ ምልክት አድርጎባታል። "ቀይ ምልክት ያደረግኩባቸው ምንም የሚታይ ነገር የላቸውም" ይላል። ካርታው ኩፍኝ የወጣበት ልጅ መስሏል።

ባለፈው ቅዳሜ ሰባ አንድ ዓመት ሞላኝ። ተሳቢው ውስጥ እንቁላል እየጠበሰልኝ፣

"በልደትሽ የት ልውሰድሽ?" አለኝ።

"ኮብስ ፌሪ።"

"መጀመሪያ ማርሎ ከተማን አይተን..."

"እንይ። ኤልድሪጅንም እንይ። ከዚያ ኮብስ ፌሪ። ዛሬ ካልወሰድከኝ ተሳቢህን ሽጠው፤ እኔ ሁለተኛ እግሬን አላስገባበትም!"

አፉን ከፈተ፣ እንቁላሉ አረረ፣ አፉን ዘጋ።

ማርሎ እንደ ሌሎቹ ናት፤ መሃሏ ላይ ፍርድ ቤት፣ ዙሪያውን መንገድና የጡብ ሱቆች። ኦርቪል እንደ ልማዱ ፍርድ ቤቱን ሦስት ጊዜ ዞረና ቀጥ ብሎ የሚገባበት ረጅም ቦታ ሲያገኝ ቆመ። ዙረቱን ለሕንፃው ካለው ፍቅር ነበር የምቆጥረው። ግድግዳ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብሎ አነበበልኝ፤ እዚህ ቤት አንድ ዳኛ አድሯል፣ እዚያ ቤት አንድ ጄኔራል ጥርሱን ነቅሏል። አንድ ሰዓት እንዲህ አለፈ። እኔ በልቤ ኮብስ ፌሪ፣ ኮብስ ፌሪ እላለሁ።

ኤልድሪጅ ውስጥ ደግሞ የቅዳሜ ገበያ ነበር። ዞርን፣ ዞርን፣ ራሴን አዞረኝ። በመጨረሻ ቆመን ምሳ ቤት ገባን፤ አስተናጋጇ የፖም ኬካችንን እያስቀመጠች ሳቀች።

"እማማ፣ በመስኮት ሳያችሁ ነበር። ሰባት ዙር! እዚሁ በራችን ላይ እኮ ሰፊ ቦታ አለ፤ ትንሽ ወደ ኋላ ማስገባት ብቻ ነው።"

ወደ ኦርቪል ዞርኩ። ጆሮው ቀልቷል። ያኔ ዘጠኙ ዓመት በአንድ ጊዜ ዓይኔ ላይ መጣ። በአንድ በኩል ገብተን በሌላ በኩል የምንወጣባቸው ማደሪያዎች ብቻ። ፍርድ ቤት የሚዞርባቸው ከተሞች ብቻ።

"አንተ ሰውዬ! ወደ ኋላ መንዳት አትችልም!"

"ኧረ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።"

"ቤት ስንደርስስ ተሳቢውን ማነው ግቢ የሚያስገባው?"

"ጎረቤታችን። አንቺ ሱቅ ስትሄጂ።" ሹካውን ያዟዙራል። "የአውቶቡስ ደንብ ነው፣ ሎይስ። ልጅ የጫነ አውቶቡስ ወደ ኋላ አይነዳም። አርባ ዓመት ወደ ኋላ ነድቼ አላውቅም።"

"አሁን የጫንከው እኔን ነው! ኮብስ ፌሪስ?"

"መዞሪያ የላትም" አለ በቀጭን ድምፅ። "መንገዱ ወንዙ ላይ ያልቃል።"

ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። የእናቴን አደራ ዘጠኝ ዓመት ያስበላኝ ለዚህ ነው? እኔ እርሻ ላይ ያደግኩ ሴት ነኝ፤ በአሥራ ሁለት ዓመቴ ድርቆሽ የሞላ ጋሪ በትራክተር ወደ ኋላ ገፍቼ ጎተራ አስገባ ነበር። መሪውን ልያዝ ባልኩ ቁጥር ግን "ባለሙያ ተቀምጦ?" ይለኛል። ይህንን ያን ጊዜ አላነሳሁበትም። ትንሽ ይቀቀል ብዬ፣

"ተነስ። እንሄዳለን" አልኩት።

ኮብስ ፌሪ ስንደርስ መንገዱ እንዳለው ወንዙ ላይ አለቀ። ቤተ ክርስቲያኗ ከፊታችን ነበረች፤ ትንሽ፣ ግራጫ፣ በሯ የተቆለፈ። ኦርቪል ላቡን ጠርጎ የኋላ ማርሽ አስገባ። መሪውን ወደ ግራ ሲያዞር ተሳቢው ወደ ቀኝ ሄደ፤ ተደናግጦ የባሰ አዞረ። በሦስተኛው ሙከራ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ዘግተን፣ የተሳቢው ቂጥ አንድ የግቢ በር ላይ ተለጥፎ ቆምን።

የመንደሩ ሰው ታጣፊ ወንበሩን እያወጣ ተቀመጠ። አንዷ ሎሚናት ይዛ መጣች፤ ለኛ ሳይሆን ለተመልካቹ። በተዘጋው የግቢ በር ላይ አንድ ሽማግሌ ጭንቅላታቸውን አሻግረው፣

"ደጄን ዘጋችሁት እኮ!" አሉ። "የቤተ ክርስቲያኑ ቁልፍ ያዥ እኔ ነኝ። በምን ልውጣ?"

ወርጄ ሮጥኩ። "አባቴ፣ በአጥሩ ላይ ቁልፉን ያቀብሉኝ። እናቴ ያገባችው እዚህ ነው።"

"ቁልፍ ከእጄ አይወጣም። ደንብ ነው።"

ወይ ጉድ! ደንብ አክባሪ አንድ አልበቃኝም! ተመልሼ የፒክአፑን በር ከፈትኩ።

"ኦርቪል፣ ውረድ።"

መሪውን አጥብቆ ያዘ። ወንበር ላይ የተቀመጡትን ሰዎች አየ፣ እኔን አየ፣ ቤተ ክርስቲያኗን አየ። ከዚያ ወረደና ኮፍያውን አስተካክሎ፣ ሁሉም እንዲሰማ፣

"እኔ አልቻልኩም። ሚስቴ ትነዳለች" አለ።

አርባ ስድስት ዓመት በትዳር ስንኖር እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ሆዴ ባባ፣ ግን ለዚያ ጊዜ አልነበረኝም። ወንበሩን ወደ ፊት ሳብኩ፤ ተሳቢውን ከበሩ ለማላቀቅ ትንሽ ወደ ፊት ነድቼ የኋላ ማርሽ አስገባሁ። ኦርቪል ከኋላ ቆሞ "ነይ! ነይ! ወደ ግራ ቁረጪ! መልሺ!" እያለ እጁን ያወናጭፋል። በሙሉ ስህተት ነው። የሚለኝን ገልብጬ ሠራሁና ተሳቢውን በአንድ ጊዜ መንገዱ ዳር አስተካክዬ አቆምኩት። ሰዉ አጨበጨበ። ኦርቪል ለእሱ መስሎት ኮፍያውን አነሳ።

ሽማግሌው የጋብቻ መዝገቡን ከፈቱልን። የእናቴ ስም በልጅነት እጅ ጽሑፏ፣ ትንሽ ተንጋዶ፣ እዚያው አለ። ጣቴን አስቀምጬበት አለቀስኩ።

"ይቅርታ፣ ሎይስ። የሰሌዳው ሰውዬ እንዳልሆንኩ ታውቂብኛለሽ ብዬ ፈራሁ" አለ ኦርቪል ከኋላዬ።

"ፈራሁ ብትለኝ በመጀመሪያው ዓመት እንመጣ ነበር።"

ስንወጣ ሳልነግረው በተሳፋሪው በር ገባ። ቀበቶውን አሰረ፣ ካርታውን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ።

"ቀዮቹ ሁሉ መዞሪያ የሌላቸው ናቸው?" አልኩት።

"ሁሉም።"

"ስንት ናቸው?"

መነጽሩን አድርጎ ቆጠረ። "አርባ ሦስት።" ከዚያ በጣቱ አንዷን ነካት። "ይቺኛዋ ቆንጆ ናት ይላሉ፤ ሁሌም ላሳይሽ እፈልግ ነበር።"

"በየት በኩል ነው?" አልኩት፤ ሞተሩን አስነሳሁ።