የሰልባትዮው አራተኛ ቅብ

ነርሷ የሞተር ሳይክሏን ሰልባትዮ ፈትታ፣ ውስጡ የቀረውን ቤንዚን አራግፋ፣ አጥባና አድርቃ ጓሮ ካለው የልብስ ማስጫ ሽቦ ላይ ስትሰቅለው፣ ታናሽ እህቷ በመስኮት ብቅ አለች።

«ምነው፣ ደግሞ ቤንዚን ማስጣት ጀመርሽ?»

«ቀለም ልቀባው ነው።»

«አንቺ? ቀለም ቀቢ ጠፋ?»

አልጠፋም። ችግሩም እሱው ነበር። በዚያ ሰፈር ቀለም ሲባል ሰው ሁሉ የሚጠቁመው አንድ ታፔላ ጻፊ ነው፤ ያ ታፔላ ጻፊ ደግሞ በወረቀት አሁንም ባሏ ነው። ሰፈርተኛው «ሚሊሜትር» ይለዋል። አንድ ፊደል ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ለክቶ፣ ሁለት ጊዜ አጥፍቶ፣ ወደ ኋላ ሄዶ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያይ ሰው ነው። ለታፔላ ይሁን፤ ለትዳር ግን አያድርስ። ስምንት ዓመት ሙሉ ያጠፈችውን አንሶላ እንደገና ሲያጥፍ፣ ያሰጣችውን ልብስ ጠርዝ ለጠርዝ ሲያስተካክል ኖረ። አንድ ቀን እንግዶች ፊት፣ ያጠበችውን ብርጭቆ ወደ ብርሃን አንስቶ አየና «አፉ ላይ ትንሽ ቀርቷል» ብሎ ሊያጥበው ተነሳ። እሷም ተነሳች። ልብሷን ሰብስባ እህቷ ቤት ከገባች እነሆ አሥራ አራት ወር ሆናት።

ስለዚህ የሚንጠባጠብ ቤንዚን በክዳኑ ዙሪያ ቀለሙን ልጦ ዝገት ሲጀማምረው፣ «ብሞት እሱ ጋ አልወስደውም» ብላ ማለች። እውነቱን እንናገር ከተባለ መማሏ ራሱ ያስጠረጥራል። በማይናፍቁት ሰው ላይ ማን ይምላል?

የመጀመሪያውን ቅብ ስትረጭ የሚረጨውን ቀለም ቆርቆሮ በጣም አቅርባ ስለያዘችው ቀለሙ ተዝለግልጎ ወረደ። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጋ አነሳችው። ሁለተኛው ላይ ዝንብ አረፈችበትና አንድ እግሯን ጥላለት ሄደች። ሦስተኛውን ንፋስ ተነስቶ የጓሮውን አቧራ አለበሰው። ቀለም የምትሸጥላት ባለሱቅ «ምንድን ነው የምትቀቢው፣ አውሮፕላን?» ብላ ሳቀችባት።

የሚገርመው፣ በተበላሸ ቁጥር ደስ ይላት ነበር። «በቃ አልቻልኩም፤ እሱ ጋ መሄዴ ነው» ትላለች በልቧ፤ ምን እንደምትለብስም ታስባለች። ከክሊኒክ ስትመለስ አውልቃ የምትወረውረውን ጫማ እሱ ከኋላዋ እየተከተለ አስተካክሎ ያስቀምጠው ነበር። ያኔ ያናድዳት ነበር። አሁን እህቷ ቤት በር ላይ አንዱ ጫማ ወዲያ፣ አንዱ ወዲህ ተጋድሞ ስታየው ሆዷ ይባባል። ናፍቋታል። ይኸው ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

አራተኛው ቅብ ግን ጉድ ሠራት። ጠዋት ንፋስ ሳይነሳ፣ ቆርቆሮውን አራቅ አድርጋ ይዛ፣ ስስ ስስ እያደረገች ደራርባ ረጨችው። ሲደርቅ ፊቷ ወለል ብሎ ታየበት። እህቷ አጨበጨበች። እሷ መርዶ እንደሰማ ሰው ቁጭ አለች። ከእንግዲህ ምን ብላ ትሄዳለች?

እህቷ ወደ ቤት ስትገባ ጠብቃ ቆርቆሮውን አነሳች። ሰልባትዮውን ገልብጣ፣ ሲገጠም ወንበሩ ሥር በሚደበቀው በኩል፣ የቆርቆሮው አፍ ሊነካው እስኪደርስ አቅርባ አንዴ ረጨችበት። ቀለሙ ተጠራቀመ፣ አንዲት ጠብታ ሆኖ ወረደ፣ እንደወረደም ደረቀ። ከሚሊሜትር በቀር የሚያያት አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን በፎጣ ጠቅልላ ሚሊሜትር ጋ ወሰደችው። እሱ ግማሽ የተጻፈ ታፔላ ፊት ቆሞ ነበር። ከስቷል።

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። እስቲ ይሄን እየው። የተበላሸ ነገር ካለው አስተካክልልኝ።»

እጁን በጨርቅ ጠርጎ ተቀበላት። በሩ ጋ ወዳለው ብርሃን ወሰደው፣ አንድ ዓይኑን ጨፈነ፣ ጣቱን በላዩ ላይ ቀስ አድርጎ አስኬደ። ገለበጠው። ጣቱ ጠብታዋ ላይ ሲደርስ ቆመ። በል እንግዲህ፣ አለች በልቧ፤ ይሄማ አልሆነም፣ ተዪልኝና ነገ ተመለሽ በለኝ።

ጣቱ አለፈ።

«እጅሽ ይባረክ። ምንም አይወጣለትም» አለና መልሶ በፎጣው ጠቅልሎ ሰጣት።

ስምንት ዓመት የጠበቀችው ቃል ነበር። ዛሬ ሲመጣ እንደ «ደህና ሁኚ» ሆኖ ተሰማት። ሰልባትዮውን ታቅፋ እስከ በሩ ሄደች፤ አላስችል አላትና ዞረች።

«ከሥሩ ወርዷል እኮ!»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

አንገቱን ደፋ። «ስናገር አይደል የሄድሽብኝ።»

ተመልሳ ሰልባትዮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ፎጣውን ገለጠች፣ በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

«በል ተናገር።»

እሱ አንዴ እሷን፣ አንዴ ሰልባትዮውን አየ። በመጨረሻ ጣቱን ወደ ክዳኑ ዙሪያ ዘረጋ።

«እዚህ ጋም... ትንሽ ወፍሯል።»

«ሌላስ?» አለችው።