የሰንበት ግንድ

እሑድ ቀን ወደ ሳንዳራ ባሕር ዳርቻ የሚሄድ ሰው ምክንያት ያስፈልገዋል። ለሥራ ከሆነ ኃጢአት ነው፤ ለመዝናናት ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። የጠፋች በግ ፍለጋ ከሆነ ግን ማንም ክፉ አይናገርም። ስለዚህ በደሴቲቱ ላይ እንደ እሑድ በግ የሚጠፋበት ቀን የለም።

ኤፊም ያን ቀን ከጠዋቱ ጸሎት ስትወጣ በግ ጠፋብኝ ብላ ለራሷ ነገረች። በጎቿ በሙሉ ጓሮዋ ውስጥ ሣር ሲግጡ እያየቻቸው ነው የሄደችው። ማዕበሉ ሌሊቱን ሲያጓራ አድሯል፤ ባሕሩ ምን ጥሎ እንደሄደ ሳታይ ብትውል ምሳዋም አይዋጥላትም ነበር።

ነገሩ የጨዋታ አልነበረም። ባለፈው ጥር በነፈሰው ነፋስ የላሟ ቤት ጣራ ወገቡን ተሰብሮ ወድቋል። በደሴቲቱ ላይ ለአለንጋ የሚሆን ዛፍ እንኳ አይበቅልም። እንጨት ወይ በመርከብ ተጭኖ ይመጣል፣ ያን ደግሞ የመበለት አቅም አይችለውም፤ ወይ ባሕር ይሰጣል። ብርዱ ተመልሶ ከመግባቱ በፊት ጣራው ካልቆመ ላሟን ሩዋን መሸጥ ግድ ሊሆንባት ነው። ግላስጎው ከተማ ያለው ልጇ አንገስ «ሽጫትና ተገላገዪ፣ ወተት እንደሆነ ከሱቅ ይገዛል» ብሏታል። ባሏ ከሞተ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከአልጋዋ የሚያስነሳት የሩዋ ጩኸት መሆኑን ለልጅ እንዴት ተብሎ ይነገራል?

መኪና የማይገባበት መንገድ ነው። ረግረጉን ተሻግራ ኮረብታው ጫፍ ላይ ስትደርስ ሳንዳራ ከሥሯ ተዘርግታ ታየቻት፤ ከዳር እስከ ዳር ነጭ አሸዋ፣ ከዚያ ወዲያ አረንጓዴ ውሃ። ከልጅነቷ ጀምሮ ስንቴ እንዳየቻት አታውቅም፤ ግን እዚህ ጫፍ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ደስ ይላታል፣ ዛሬም ደስ አላት። የእሑድ ጫማዋንና ካልሲዋን አውልቃ በእጇ ያዘች። አሸዋው ቀዝቃዛ ነበር፤ ውስጥ እግሯን ሲኮረኩራት ብቻዋን ሳቀች።

ከዚያ ግንዱን አየችው። ከባሕር ሣሩ ክምር ጀርባ ተጋድሟል፤ አራት ማዕዘን ሆኖ የተጠረበ፣ ቀጥ ያለ፣ ከሆነ መርከብ ላይ የተገነጠለ ነገር ነው፤ አንድ የብረት ችንካር አሁንም ከጎኑ ብቅ ብሏል። ጎንበስ ብላ ዳሰሰችው፤ ትል አልነካውም። ርዝመቱ ለሩዋ ቤት ተለክቶ የተላከ ይመስል ነበር።

«እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» አለች።

ደስታዋ ግን ብዙም አልቆየም። የደሴቲቱ ሕግ የታወቀ ነው፤ ባሕር የጣለውን እንጨት ያገኘ ሰው ድንጋይ ይጭንበታል፤ ድንጋይ የተጫነበትን እንጨት ዓመት ቢቀመጥ የሚነካው የለም። በሰንበት የተጫነ ድንጋይ ግን እንዳልተጫነ ይቆጠራል። ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ደግሞ ወንድማማቾቹ ኒልና ኢዋን በሞተር ጀልባቸው ከች ይላሉ፤ ከማዕበል በኋላ ቀርተው አያውቁም። ኤፊ ረግረጉን በጨለማ አቋርጣ አትቀድማቸውም።

ድንጋይ አነሣች። መልሳ አስቀመጠችው። እንደገና አነሣችው።

«ከበደሽ?» አለ አንድ ድምፅ ከኋላዋ።

ቶርሞድ ነበሩ። ቶርሞድ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ናቸው፤ አምና እሑድ ቀን ልብስ ገመድ ላይ ትታ ብትውል ቤቷ ድረስ መጥተው የገሠጿት እሳቸው ናቸው። ጥቁር ኮታቸውንና ደሴቲቱ በሙሉ የሚያውቀውን ሰፊ ጥቁር ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ ከአለቱ ጀርባ ብቅ አሉ። ሱሪያቸው ግን እስከ ጉልበታቸው ተጠቅልሏል፤ ጫማቸውም በእጃቸው ነው።

ኤፊ እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሌባ ድንጋዩን ጣለችው። «በግ ጠፍታብኝ ነው» አለች።

«ጆሮዋ ላይ ቀይ ቀለም ያለባት?»

«አዎ፣ እሷ።»

«ጓሮሽ ስትግጥ አይቻት መጣሁ።»

ኤፊ ፊቷ ቀላ። «እርስዎስ ምን እግር ጣለዎት?»

«እግሬን ባሕር ላስነካ ነው። ባለቤቴ ማርሳሊ ከሞተች ወዲህ እሑድ እሑድ እመጣለሁ። እንዳንቺ በግ አልፈጥርም፤ የጠየቀኝ የለም እንጂ ቢጠይቀኝም አልዋሽም።»

«ሽማግሌው ሰንበትን በዋና ሲሽሩ!»

«በእግር ብቻ» አሉ ቶርሞድ፣ ኮስተር ብለው።

ኤፊ የሩዋን ነገር፣ የጣራውን ነገር፣ የነኒልን ነገር አንድ በአንድ አፈሰሰችላቸው። «መጽሐፉስ በሬ በሰንበት ጉድጓድ ቢገባ አውጡት አይል?»

«ሩዋ ጉድጓድ ገብታለች?»

«ብርዱ ሲመጣ ትገባለች።»

«ያን ጊዜ እናወጣታለን።»

«እርስዎን የመሰለ ሽማግሌ በር ላይ ከቆመ ገነትም ባዶዋን ትቀራለች።»

ቶርሞድ አልተቆጡም። ግንዱ ላይ ተቀመጡ፤ መቀመጥ ሥራ አይደለም። ኤፊም ንዴቷ ሲበርድላት ከጎናቸው ተቀመጠች። ባዶ እግራቸውን አሸዋው ውስጥ ቀብረው ባሕሩን ሲያዩ ቆዩ። ከኪሷ የአጃ ቂጣና አይብ አውጥታ አካፈለቻቸው። ሰው ሲበላ እያዩ መናደድ ደግሞ ይከብዳል።

ቶርሞድ አይቡን ቀምሰው ማኘካቸውን ተዉት። «የሩዋ ነው?»

«የማን ሊሆን ኖሯል?»

«ማርሳሊ በመጨረሻው ሰሞን ከዚህች ላም ወተት በቀር ምንም አልወርድላት ብሎ ነበር። በየማለዳው በሩ ላይ አስቀምጠሽ ትሄጂ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አላመሰገንኩሽም። ይባስ ብዬ ስለ ልብስ ገመድ ልገሥጽሽ መጣሁ።»

«ልብሱ አልደርቅ ብሎኝ ነበር» አለች ኤፊ።

ለማታው ጸሎት መመለሻው ሲደርስ ቶርሞድ ተነሥተው ጫማቸውን አደረጉ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁና ችንካሩ ላይ ጥብቅ አድርገው ሰቀሉት።

«ባርኔጣዎን ረሱ» አለች ኤፊ።

«አልረሳሁም። በድንጋይ ፋንታ ትቼው ነው የምሄደው።»

«ይሄ ሥራ አይደለም?»

«ባርኔጣ ማውለቅ? ቤተ ክርስቲያን በገባሁ ቁጥር አወልቃለሁ።»

ረግረጉ ላይ ነፋሱ በመላጣቸው ሲጫወት ኤፊ አንጀቷ አልችል አላት። «ሰዎቹ ከጠየቁዎት ነፋስ ወሰደው ይበሉ፤ በእግዜር ይሁንብዎ።» ባርኔጣ የሌለው ሽማግሌ እሑድ ቀን ታይቶ እንደማያውቅ ሁለቱም ያውቃሉ። ሰንበትን ሽሮ የተገኘ ሰው ደግሞ ሽማግሌ ሆኖ አይቀጥልም።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሰዉ ተሰብስቦ ቆሟል። ሴቶቹ መጀመሪያ መላጣውን፣ ቀጥሎ ኤፊን፣ ቀጥሎ የሁለቱንም ጫማ አዩ፤ ጫማቸው አሸዋ በአሸዋ ነበር። ቄሱም ዞር አሉ።

«ቶርሞድ፣ ባርኔጣዎ የት ገባ?» አለ ኒል።

ኤፊ፣ ግንዱ ይቅርብኝ፣ ላሟም ትቅርብኝ፣ ብቻ ይህን ሰው አታዋርድብኝ ብላ ከልቧ ጸለየች።

«ሳንዳራ ነው ያለው» አሉ ቶርሞድ፣ የኋለኞቹም እንዲሰሙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «እግሬን ባሕር ውስጥ ነክሬ ስዝናና ዋልኩ። ዛሬ ብቻም አይደለም። ባርኔጣዬን የኤፊ ግንድ ላይ ሰቅዬው መጣሁ። ለላሟ ቤት ጣራ የሚሆን ግንድ ነው።»

ኒል ወንድሙን ኢዋንን አየው፤ ኢዋን አንገቱን አቀርቅሮ መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

«ያ ግንድ በሰው ትከሻ ረግረጉን አይሻገርም» አለ ኒል ቀስ ብሎ። «ነገ በጀልባ እናምጣልዎት። ስንት ሰዓት ይመችዎታል፣ ኤፊ?»

«የሰኞን ነገር ሰኞ ተነጋገሩ» አሉ ቄሱ። ከዚያ በሩን ለቀቅ አድርገው ቶርሞድን በእጃቸው «ይቅደሙ» አሏቸው።

ኤፊ ዕንባዋን በመሐረቧ እየጠረገች ወደ ኒል ጠጋ አለች።

«ላሟን ካለብኩ በኋላ» አለችው በሹክሹክታ።