የኡስታድ ሼርዛማን ጆሮ

ዋና መካኒኩ ኡስታድ ሼርዛማን ጆሯቸው ከከዳቸው ሁለት ዓመት ሆኗል። በፓኪስታኗ ክዌታ ከተማ የጋራዦች ሰፈር ይህን የሚያውቅ ሰው የለም ብለው ያምኑ ነበር። የሰውን ንግግር ከከንፈሩ ያነባሉ፤ የሞተርን ደግሞ ከነቂብ ፊት።

ነቂብ አሥራ አራት ዓመት በሥራቸው የኖረ፣ የሦስት ልጆች አባት የሆነ መካኒክ ነው። ሞተር ተነሥቶ አንዳች ነገር ካንኳኳ የግራ ቅንድቡ ይሰበሰባል። ኡስታድ ያንን አይተው፣ «አውርዱት፣ ያንኳኳል» ይላሉ። የተሰበሰበው ሰው ይደነቃል።

ጉልባዝ አራት መቶ ሰማንያ ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደች ኮሮላ ይዞ መጣ። ዓርብ ከስግደት በኋላ ዳገቱ ላይ በመኪና ከሚሽቀዳደሙት አንዱ ነው።

«ኡስታድ፣ ይቺን አሮጊት ኮረዳ ያድርጉልኝ።»

«እሱ የአላህ ሥራ ነው። እኔ እንድትሮጥ አደርጋታለሁ።»

ሲሊንደሮቹ በማሽን ሰፉ፤ ተለቅ ያሉ ፒስተኖች ገቡ። ግፊቱ እንዲጨምር የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ ተላጨ። ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ፣ ቢዬላው፣ የሚዞርባቸውን ብሮንዚኖች ግን ኡስታድ ራሳቸው ገጠሙ፤ እነሱ ከላሉ ሞተር ያንኳኳል። ይህን ሥራ ለማንም፣ ለነቂብ እንኳ፣ አይሰጡም።

በሰፈሩ ወግ ሞተር ተሠርቶ ሲያልቅ የጋራዡ ኡስታድ የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ደግፎ ያዳምጣል። ኮፈኑን ከዘጋ በኋላ ስለዚያ ሞተር ትንፍሽ የሚል የለም። ትንፍሽ ያለ ኡስታዱን እንደ ሰደበ ይቆጠራል።

ሞተሩ ተነሣ። ኡስታድ ካቻቢቴውን ደግፈው ቆዩና ነቂብን አዩት። ፊቱ እንደ ተለሰነ ግድግዳ ነበር።

«ምን ትላለህ?»

«እርስዎ እያሉ እኔ ምን እላለሁ?»

ኮፈኑን ዘጉ።

በሳምንቱ ቢዬላው ተሰብሮ የሞተሩን ብሎክ በስቶ ወጣ። መኪናዋ በገመድ ተጎትታ ስትመጣ ሰፈሩ ሁሉ ከበባት።

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስታንኳኳ ነበር!» አለ ጉልባዝ። «የገዛ ጆሮዬን ትቼ የእርስዎን አመንኩ!»

«የዘጋሁት አዳምጬ ነው። አነዳድህን ጠይቅ» አሉ ኡስታድ።

ባትሪ ሻጩ ሽማግሌ፣ «እውነታቸውን ነው። አንተ ሰውዬ መቼ እግርህን ከነዳጅ ላይ ታነሣለህ?» አለ። ጥቂቶች ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ኡስታድ ትንሽ ቀና አሉ።

ይኼን ጊዜ ነቂብ መጥቶ ፊት ለፊታቸው ቆመ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ዝቅ ብሎ ያናገራቸው ሰው ዓይናቸውን ትክ ብሎ አየ። ከንፈሩ፣ «ብሮንዚኑን ማን ነው የገጠመው፣ ኡስታድ?» አለ።

«እኔ ነኛ! በገዛ እጄ!» አሉ ጮክ ብለው።

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ባትሪ ሻጩ ዓይኑን ወደ መሬት አወረደ። ኡስታድ ያን ጊዜ ገባቸው። ነቂብ ከንፈሩን ብቻ ነበር ያንቀሳቀሰው፤ ድምፅ አላወጣም።

ነቂብ ጀርባውን ሰጥቷቸው ወደ ሰዉ ዞረ። ትከሻው ሲንቀሳቀስ ያያሉ፤ የሚናገረውን ግን አያዩም። ከፊቱ ያሉት ሰዎች አፋቸው ተከፈተ።

«ምን አለ?» አሉ ኡስታድ። «ምን አላችሁ?»

ሁሉም እየሳቁ ስለነበር የማንኛቸውንም ከንፈር ማንበብ አልቻሉም።