ሁለቱ ቁጥር 213

ጋሽ ሐድጉ በቁጥር ቀልድ አያውቁም። ልደታ ማርያም አጠገብ ያለችው ቢሯቸው ለክሊኒኮች የመድኃኒት መጠን የሚያሰላ ፕሮግራም ትሠራለች። ድሮ ኮዱ ሁሉ አንድ ሰርቨር ላይ ሳለ፣ በየፋይሉ አናት የሚጻፈውን የቅጂ ቁጥር ሰርቨሩ ራሱ ይሞላው ነበር። በ2004 ዓ.ም. ጊት ወደሚባለው የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ ሲዛወሩ ግን እያንዳንዱ ሠራተኛ ሙሉውን ኮድ ከነታሪኩ በየላፕቶፑ ያዘ፤ ቁጥር አዳይም ቀረ። ጋሽ ሐድጉ ታርጋ የሌለው መኪና አልነዳም ብለው፣ ቁጥሩ በእጅ ይጻፍ አሉ። ከፕሮግራመሮቹ አንዷ ቢፍቱ ነገሩ ባይጥማትም ሰው ማስቀየም አትወድምና ዝም አለች። ጥፋቷ እዚህ ላይ ነው።

አንድ ሰኞ የሕፃናትን የመድኃኒት መጠን እጥፍ የሚያደርግ ስህተት አገኘች። አረመችና 212 የሚለውን 213 አደረገችው። ባልደረባዋ ጃርሶ በማግስቱ ጠዋት ተክለ ሃይማኖት ላለው ክሊኒክ አዲስ ቅጂ በፍላሽ ወስዶ ጭኖ ስለነበር፣ የእሷ እርማት ያለበት መስሏት ለነርሷ ለሲስተር ፀሐይቱ ደወለች። ስክሪኑ 213 ካለ ይመኑት አለቻቸው። ይላል አሏት። እፎይ ብላ ምሳዋን ከፈተች።

ጃርሶ ጎኗ ተቀምጦ እየበላ፣ የሕመምተኛ ካርድ ህትመቱን አስተካክሎ፣ እሱም 212ን 213 ብሎ እንደጫነላቸው አወራት።

«የእኔ እርማት አለበት?»

«ያንቺን ገና መች አዋሃድኩት?»

ምሳዋን ትታ ተነሳች። ለሲስተር ፀሐይቱ ብትደውል ስልኩ አይነሳም። ደረጃውን በሩጫ ወርዳ ታክሲ ያዘች። መንገዱን ሁሉ ፈርታ ነበር፤ ከፍርሃቱ ይልቅ ግን ያኔ ስለ ቁጥሩ ዝም ማለቷ አሳፈራት።

ሲስተር ፀሐይቱ መዝገባቸው ላይ አጎንብሰዋል። ፋዮ የምትባል የዘጠኝ ወር ልጅ መጥታ እንደነበር ነገሯት። ፕሮግራሙ ስምንት ሚሊ ሽሮፕ ስጡ ብሏል፤ እሳቸው ግን በእስክሪብቶ አስልተው አራት ሰጥተዋል።

«አንቺ ቁጥሩን እመኑ አልሽኝ፤ እኔ ደግሞ ልጅቷን አየኋት» አሏት።

ቢሮ ተመልሳ ለጋሽ ሐድጉ ምንም ሳትሸፍን ተናገረች። በእጅ የሚጻፈው ቁጥር ይውጣ አለች፤ ፕሮግራሙ በተዘጋጀ ጊዜ ሁሉ ማሽኑ የጊትን መለያ ይለጥፍበት፤ ጊት ለሁለት ሥራ አንድ ዓይነት መለያ አይሰጥም። ሊከራከሯት ነው ብላ ስትጠብቅ፣ ጋሽ ሐድጉ መነጽራቸውን ጠርገው ፋይሉን ከፈቱና ቁጥሩ ያለበትን የመጀመሪያውን መስመር በእጃቸው አጠፉት።

ለውጡን ጊት ላይ መመዝገቡን ለእሷ ተዉላት። ጊት የለውጡን ምክንያት ሲጠይቃት ቢፍቱ ጥቂት አሰበችና ጻፈች፦ «ፋዮ፣ ዘጠኝ ወር፣ አራት ሚሊ።»