ልጄ ለጨርቅ ቆራጯ የነገረቻት

እኔና ልጄ አንድ ልብስ ስፌት ቤት እንሠራለን። አለቃችን ጠዋት ጠዋት ሴቶቹን እያቀፈ ሰላም ይላል። ልጄን ሲያቅፍ ግን ቶሎ አይለቃትም። እኔ እንደ ልጁ ወዷት መስሎኝ ነበር። በዚህ እንደተጨነቀች የሰማሁት አብራን ከምትሠራው ጨርቅ ቆራጭ ነው፤ በአለቃችን ላይ ማመልከቻ እንኳ አብረው ጽፈዋል። ቅናት አንገበገበኝ።

«እናትሽ ቁጭ ብዬ ለባዳ ትነግሪያለሽ?» አልኳት።

«እማዬ፣ ሸሸት ስል ‹እንደ አባትሽ ነው፣ በደንብ ሰላም በይው› እያልሽ የምትገፊኝ አንቺ አይደለሽም?»

ማመልከቻውን ተቀብዬ ፊደል በፊደል አነበብኩት። ከግርጌው ቆራጯ በምስክርነት ፈርማለች። እኔም ብዕር አንስቼ «በዓይኔ አይቻለሁ» ብዬ ስሜን ጻፍኩ፤ ከእሷ ስም በላይ፣ በጠባቡ ቦታ አጣብቄ።