ሰሌኑና አጥሩ

ታራይቪኒ ለልጆች መጫወቻ ሜዳው አጥር ቋሚ በኖራ ምልክት የተደረገበት ቦታ ላይ ሰሌኗን ዘርግታ ቁጭ አለች። የሰነጠቀችውን ቅጠል ጭኗ ላይ አድርጋ አዲስ ሰሌን መታታት ጀመረች።

ሁለቱ ቆፋሪዎች ዶማቸውን እንደያዙ ቀሩ። የፊጂዋ ሱቫ ከተማ ሰው ከተቀመጠ ታላቅ ሰው ራስ በላይ ቆሞ አይሠራም፤ ሲያልፍ እንኳ ጎንበስ ብሎ፣ ይቅርታ ጠይቆ ነው።

"አስነሷቸው እንጂ!" አለ የመጫወቻውን ንድፍ የሠራው ራቪኔሽ።

"አንተ አስነሳ። እኔ እናት አለችኝ፤ ብትሰማ ትገለኛለች" አለ አንዱ ቆፋሪ።

ራቪኔሽ ሣሩ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ አገሩ ወግ በአክብሮት ጠራት። "አክስቴ፣ አጥሩ ለልጆቹ ነው። ባለፈው ወር አንዷን ሕፃን ሚኒባስ ለጥቂት ነው የሳታት።"

"እኛ ስናድግ አጥር ነበረን?"

አልነበራቸውም። ያኔ የታራይቪኒ እናትና ስምንት ዘጠኝ ሴቶች እዚሁ የዛፍ ጥላ ሥር፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ይታቱ ነበር። ልጅ ኳስ ተከትሎ ሲሮጥ፣ ቀድማ ያየችው ስሙን ትጠራለች፤ የማንም ልጅ ይሁን፣ እግሩ ባለበት ይተከላል። እናቷ ከሞተች ሃያ ዓመት አልፏል። ያ ጥሪ ግን ዛሬም የታራይቪኒን ጀርባ ቀጥ ያደርገዋል።

"ዛሬ ስንት ሴት ይታታል?" አላት ራቪኔሽ።

 የቀሩት እሷና ጓደኛዋ ሎሳሊኒ ብቻ ናቸው፤ የሎሳሊኒም ዓይን ደክሟል። ሌሎቹ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውለው ሲመሽ ነው የሚገቡት።

"ወረቀትህ ላይ እኛን የት አስቀመጥከን?" አለችው።

"ከአጥሩ ውጪ፣ አግዳሚ ወንበር አለ። ልጅ ያልያዘ አዋቂ ወደ ውስጥ አይገባም። ደንቡ ነው፤ ባዕድ ሰው ልጆቹ መሀል እንዳይገባ።"

"እኔ ባዕድ?" ሦስቱም ልጆቿ ሲድኒ ናቸው፤ ከየት አምጥታ ልጅ ይዛ ትግባ? "ዥዋዥዌው ላይ ያለው ልጅ ማን ይባላል?"

"እኔ እንጃ።"

"ሴሚ ነው። አስም አለበት። ያቺ ናይና ናት፤ ጫማዋን የትም ትጥላለች። እንግዲህ ባዕዱ ማነው?"

ቆፋሪዎቹ በሳቅ ፈረሱ። ራቪኔሽም ሳቀና፣ "ሚኒባሱስ አክስቴ?" አለ።

አራት መኪና ተከታትሎ አለፈ። በልጅነቷ ቀኑን ሙሉ ይህን ያህል አያልፍም ነበር። ሕፃኗ ለጥቂት የተረፈች ዕለት ታራይቪኒ ገበያ ነበረች። ስሟን የጠራ ሰው አልነበረም።

ተነሣች። ሰሌኗን ጎትታ ምልክቱን ወደ ልጆቹ በኩል ሁለት እርምጃ አለፈችና ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ተቀመጠች።

"አሁን ቆፍሩ" አለች። "አንተ ደግሞ ደንብህን አስተካክል። እኔ ከዚህ አልወጣም።"